እግረኛ አድማ አይመታም

በሀገራችን ምርጫ በመጣ ቁጥር እዚህ ሪያድ ያለን ሰዎች ስልካችን በወሬ ይሞላል። ማን ያሸንፋል፣ ማን ምን አለ፣ የት ምን ሆነ እንባባላለን። እኛ ባሕር ማዶ ሆነን ድምፅ አንሰጥም። ድምፅ የሚሰጡት ግን እናቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው፤ ማታ ማታ ደውለን የምናማክራቸውም እነሱው ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትም ፓርቲም ብሔርም የሌለው አንድ ጉዳይ እናንሳ። ጉዳዩ የመኪና አደጋ ነው፤ በፍጥነት የሚነዳውን፣ ጠጥቶ የሚነዳውን፣ እሱን የሚቆጣጠረውንም ሕግ ይመለከታል።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 21 ቀን 2008 ሰኞ ዕለት፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ ደንብ ቁጥር 208/2003 የሚባለው የትራፊክ ደንብ ነበር። ደንቡ ጥፋት የሚደጋግም ሹፌር በነጥብ እየተቆጠረበት መንጃ ፈቃዱ እንዲታገድ፣ ሲብስም እንዲሰረዝ ያደርጋል። ሕዝቡ በእግሩ ሄደ፣ ሥራ የሚገባው አረፈደ፣ ተማሪው ቀረ። መንግሥትም ደንቡን ለጊዜው አቆየው። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተሻሻለ፣ ቅጣቱም ጨመረ፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። ቅጣት ጠንከር በተባለ ቁጥር ሹፌሩ ይጮኻል፤ የሕዝብ ቁጣ የፈራ ባለሥልጣን ደግሞ «ቆይ እስኪ» ይላል።

ሹፌሮቹ ውሸት አላወሩም። መንገዱ ጉድጓድ ነው፣ የእግረኛ ማቋረጫው ቀለም ጠፍቷል፣ ተሳፋሪ ማውረጃ ቦታ የለም፣ አንዳንዱ ትራፊክ ደረሰኝ ሳይቆርጥ እጁን ይዘረጋል ይላሉ። መኪናው የእነሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ማስገባት አለባቸው። መንጃ ፈቃዱ ከተሰረዘ ልጆቹ ምን ይበላሉ? እኛ ደሞዝ መቆረጥ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ይሄን ጥያቄ አንንቀውም።

ግን ሌላም ሰው አለ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ደብተር የያዘ ልጅ፣ ሌሊት ከሥራ የወጣ የቀን ሠራተኛ ናቸው። ታክሲ ነጂ ሲከፋው መኪናውን ያቆማል፣ ከተማውም ይሰማዋል። እግረኛ ግን አድማ አይመታም። ምን ያቆማል? እግሩን? ማኅበር የለውም፣ ወኪል የለውም፣ የሞተ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም። ለዚህ ነው በምርጫ ሰሞን የመኪና ባለቤቱና የሹፌሩ ጩኸት ከእግረኛው ለቅሶ በልጦ የሚሰማው።

ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ማወቅ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና አደጋ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። የመኪናው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ከተገጨ ሰው ይልቅ በ65 የተገጨው የመሞት ዕድሉ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እኮ! ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ እግር ፍሬን ላይ የሚያርፈው ዘግይቶ ነው። የሀገራችን ሕግ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.8 ግራም በላይ አልኮል ይዞ መንዳትን ይከለክላል። ክልከላው በወረቀት ላይ አለ። የሚጎድለው በየመንገዱ የሚያስተነፍስ፣ ጉቦም የማይቀበል ሰው ነው።

እዚህ ያለንበትን ሀገር እንይ። በ2010 በፈረንጅ አቆጣጠር ሳሄር የሚባለው የካሜራ ቁጥጥር ሲጀመር በሪያድ ብዙ ሰው ተቃውሞ ነበር። «ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» ተባለ፣ ካሜራ የሰበረም ነበር። ካሜራው ግን አልተነሳም። ከ2018 ጀምሮ ቀበቶ ያላሰረውንና እየነዳ ስልክ የሚነካካውንም ያያል። ቀይ መብራት የጣሰ ከ3000 እስከ 6000 ሪያል ይቀጣል፤ ጠጥቶ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ የነዳ ከ5000 እስከ 10000። የዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ በ2016 ከ100 ሺህ ሰው 28 ያህሉ በመኪና አደጋ ይሞት ነበር ይላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሄ ቁጥር ወደ ግማሽ ወርዷል። ካሜራ ብቻውን አላደረገውም፤ መንገዱ ተሠርቷል፣ አምቡላንሱ ቶሎ ይደርሳል። ያም ሆኖ ቅጣቱ ባይኖር ይሄ አይመጣም ነበር ብለን እናምናለን።

«እዚያ የፈለጉትን ያደርጋሉ፣ ምርጫ የሚያስጨንቀው ባለሥልጣን የለም» የምትል እህት ትኖራለች። ልክ ናት። እኛም ሕጉ ከላይ በትእዛዝ ይውረድ አንልም። ሀገራችን ውስጥ ሕዝብ ተከራክሮ፣ ሹፌሩም ተሰምቶ የሚወጣ ሕግ ይሻላል። ግን ክርክር ሲሆን ሁለቱም ወገን ይናገር። ሹፌሩ ተናግሯል፤ እግረኛው ገና አልተናገረም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ የማንናገረው ይሄኛው ነው። የእኛ ሀዋላ ወደ ሀገር ገብቶ ምን ይሆናል? ለአንዷ ቤት፣ ለሌላዋ የወንድም ባጃጅ፣ ለሌላዋ በእህትማማች ተዋጥቶ የተገዛ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለቀልድ ብቻ አይደለም። እንግዲህ «ባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ይጠይቀናል» ሲባል ያ ባለቤት አንዳንዴ ሪያድ ሳህን የምታጥብ የእኛው እህት ናት። እዚህ ቁጭ ብለን በየቀኑ ይሄን ያህል ብር ካልገባ ብለን ስንቆርጥ፣ ማርሹን የምንቀይረው እኛ ነን። ገቢው ከፍ ሲል ሹፌሩ ይሮጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ እንቅልፉን ለማባረር ጫት ይቅማል፣ ማታ ደግሞ ጫቱን ለመስበር ይጠጣል። ልጅ ሲገጭ እስር ቤት የሚገባው ወንድማችን ነው፤ ለሽምግልናና ለካሳ የሚከፈለው ደግሞ የእኛው የዓመት ደሞዝ ነው። ደሃ ደሃን ገጭቶ ሁለቱም ቤት ያለቅሳል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሕጉ ይጥበቅ፣ ግን በትክክል ይጥበቅ ይላል። ሀብታምና ባለሥልጣን የሚያመልጡት፣ ባለ ባጃጅ ብቻ የሚያዝበት ሕግ ሕግ አይደለም። ቅጣቱ በደረሰኝ ይሁን። ከቅጣቱ ጋር ማቋረጫው ቀለም ይቀባ፣ መብራት ይተከል፣ ማውረጃ ቦታ ይሠራ። ይሄ ሲሟላ ግን «ምርጫ ደርሷልና እናቆየው» የሚባል ነገር አይኑር።

በእጃችን ያለውን ደግሞ ዛሬውኑ እንጀምር።

ለቤተሰብ ስትደውሉ ንገሯቸው፤ ድምፅ ፈላጊ ወደ ሰፈር ሲመጣ «ቅጣት አንሱልን» ከማለት «ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማቋረጫና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሥሩልን» ይበሉ። ይሄ ለሁሉም ፓርቲ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

መኪና ወይም ባጃጅ የምትገዛ እህት ብር ከመላኳ በፊት የነጂው መንጃ ፈቃድ ተምሮ ያገኘው መሆኑን ታጣራ። በገንዘብ የተገዛ መንጃ ፈቃድ ሰው ይገድላል። የቀን ገቢውንም ሹፌሩ ሳይሮጥ ሊያመጣው በሚችለው ልክ ይወስኑ። ሞተር ለሚነዳ ወንድም ከስልክ በፊት ሄልሜት ይላክለት።

እዚህ ሪያድ ደግሞ ከኋላ ስትቀመጡም ቀበቶ እሰሩ። ብዙዎቻችን የማዳምን ሕፃን ጭናችን ላይ ይዘን እንሄዳለን፤ መኪናው ሲጋጭ ግን የሰው ክንድ ሕፃን አይዝም። የሕፃን ወንበር እንዲገዛ ማዳሟን በትሕትና ጠይቁ፤ «ለልጁ ፈርቼ ነው» ስትሏት የምትቆጣ እናት ጥቂት ናት። የቤቱ ሹፌር ስልክ እያየ የሚነዳ ከሆነ ዝም አትበሉ። በዚህ ሀገር መጠጥ ለእኛ የተከለከለ ነው፤ በድብቅ የጠጣ ሰው መኪና ውስጥ የገባች ልጅ ከአደጋው ብትተርፍ እንኳ እስርና ወደ ሀገር መመለስ ሊመጣባት ይችላል። በዕረፍት ቀናችሁ ወደ መንፉሃ ወይም ወደ በጣሃ ስትሄዱ ሰፊውን መንገድ በሩጫ አታቋርጡ፤ ድልድይ ወይም መብራት ፈልጉ። አደጋ ካያችሁ 911 ወይም ቀይ ጨረቃን በ997 ደውሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን መኪና ያላቸው ወይም ለመግዛት የሚያስቡ እህቶች ስለ ቀን ገቢው ለብቻ ይነጋገራሉ። እያንዳንዷ ለሹፌሯ የቆረጠችውን ገቢ ይዛ ትምጣ፤ በየሰፈሩና በየመኪናው ዓይነት እያነጻጸርን የትኛው ሰው እንደሚያስሮጥ አብረን እንይ።