የሦስት ቀን ሥልጠና፣ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ

በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ማስታወቂያ የት እንደሚወጣ ያውቃል። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተርን ይገዛል፣ አዲስ ዘመንን ያገላብጣል፣ የቀረውን ጊዜ የቴሌግራም ቻናሎችን ሲከታተል ይውላል። የሚያገኘው ማስታወቂያ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ ሪፖርተር፣ ብዛት ሁለት፣ የትምህርት ደረጃ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ወይም በቋንቋ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ደመወዝ በስምምነት። ዲግሪው ያለው ሰው ብዙ ነው። በደመወዙም ተስማምቶ የሚገባ አይጠፋም። በሩን የሚዘጋው ያ ሦስት ዓመት ነው። ዘንድሮ የተመረቀች ልጅ ያን ልምድ ከየት ታምጣ? ቀጣሪው ሁሉ ሌላው አሠልጥኖ የሚያቀርብለትን ሰው ይጠብቃል፤ አሠልጣኙ ማን እንደሆነ ግን የትኛውም ማስታወቂያ አይናገርም።

በሌላ በኩል ሥልጠና ሞልቷል።

ዩኔስኮ፣ የስዊድኑ ፎዮ፣ የዴንማርኩ አይ ኤም ኤስ፣ የጀርመኑ ዶይቼ ቬለ አካዳሚ፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ ሚዲያ አክሽን፣ የአሜሪካው ኢንተርኒውስ ባለፉት ዓመታት ለኢትዮጵያ ጋዜጠኞች ሥልጠና ገንዘብ አውጥተዋል። በተለይ ከ2010ሩ ለውጥ በኋላ ፍላጎቱ በሁሉም ወገን ከፍ ብሎ ነበር። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን በሚያዝያ 2011 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያን በአንድ ጊዜ 40 ደረጃ ከፍ አድርጎ 110ኛ ላይ አስቀመጣት፤ ብዙም ሳይቆይ የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን ዋና በዓል እዚሁ አዲስ አበባ ተከበረ። ያን ጊዜ በከተማዋ፣ በቢሾፍቱና በአዳማ ሆቴሎች የጋዜጠኞች ሥልጠና የተለመደ ነገር ሆነ። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፣ የሻይ እረፍት ይወጣል፣ በቡድን ተከፋፍሎ በትልቅ ወረቀት ላይ ሐሳብ ይጻፋል፤ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አበል ተፈርሞ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ፣ የጋራ ፎቶ ተነሥቶ ሁሉም ወደየመጣበት ይበተናል።

ከዚያ አዳራሽ የሚገኝ ቁም ነገር አለ። የተደፈረችን ልጅ ማንነት በዘገባ ውስጥ እንዴት መሸሸግ እንደሚገባ፣ በፌስቡክ የተለቀቀ ፎቶ ከዚህ በፊት ሌላ አገር ታትሞ እንደሆነ እንዴት እንደሚጣራ በአንድ ቀን መማር ይቻላል። አበሉንም መንቀፍ አይገባም፤ የቤት ኪራይ ከደመወዙ በላይ ለሆነበት ሪፖርተር የሦስት ቀን አበል የወሩ መደጎሚያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰኞ ዕለት ወደ ሥራ ሲመለስ ነው። የተማረውን ሥራ ላይ ሲያውል አይቶ “ይህ ትክክል ነው፣ ይህ ይቀረዋል” የሚለው ሰው የለም። ጋዜጠኛ ተሠርቶ የሚወጣው ከዜና ክፍል ነው፤ በዜና ክፍልም ውስጥ ጊዜ ካለው አርታኢ እጅ።

የኢትዮጵያ ጋዜጠኝነት ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። አዲስ ዘመን በ1933 ሲጀመር፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ በ1935 ሲከተል፣ በአገሪቱ አንድም የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አልነበረም። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነበር፤ ሄራልድን ለረጅም ጊዜ የመራው ዶክተር ዴቪድ ታልቦት ከብሪቲሽ ጉያና የመጣ ሰው ነበር። በዓሉ ግርማ በኮሌጅ ሳለ የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅቷል፣ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፣ ተመልሶም መነን መጽሔትንና አዲስ ዘመንን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። ትምህርቱ ቀላል ድርሻ አልነበረውም፤ ግን ከትምህርቱ በፊትም በኋላም እየጻፈና እያረመ ያሳለፈው ጊዜ ይበልጣል።

መደበኛው ትምህርት የመጣው ዘግይቶ ነው። የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት በ1980ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ፤ ዩኒቨርሲቲውም በኖርዌይ ድጋፍ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። ዛሬ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ጎንደርና ሌሎችም ያስተምራሉ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው የዜና አጻጻፍን ንድፈ ሐሳብ ሊመዝን ይችላል። ዝናብ እየዘነበ፣ ስልክ የማያነሣ ኃላፊ ቢሮ ደጅ ሦስት ሰዓት ቆሞ መረጃ ማግኘትን ግን አይመዝንም። ተማሪዎቹ “አፓረንት” የሚሉት ልምምድ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ብዙ ጊዜም ተለማማጁ ከጥግ ተቀምጦ ሌሎች ሲሠሩ አይቶ፣ ፎርሙን አስሞልቶ ይመለሳል።

የግሉ ፕሬስ ትምህርት ቤት የሆነበት ዘመን ነበር። የፕሬስ አዋጁ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ ሪፖርተር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አድማስና አዲስ ፎርቹን በ1992 ተመሠረቱ። እነዚህ ቤቶች በርካታ ወጣቶችን ከዜሮ ተቀብለው ሙያ አስይዘዋል፤ ዛሬ በሌላ ጣቢያ ስማቸው የሚጠራ ብዙዎች የመጀመሪያ ዜናቸውን የጻፉት እዚያ ነው። ነገር ግን የዜና ክፍል ሲዘጋ የሚጠፋው ጋዜጣው ብቻ አይደለም። አዲስ ነገር ጋዜጣ በኅዳር 2002 ሲቆም አዘጋጆቹ ከአገር ወጡ። በ2006 ክረምት ፋክት፣ ሎሚ፣ አዲስ ጉዳይ፣ እንቁ፣ ጃኖና አፍሮ ታይምስ የተባሉት የግል ኅትመቶች ክስ ሲቀርብባቸው ሌላ የባለሙያ ጎርፍ ወደ ናይሮቢና ከዚያም አልፎ ሄደ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት ከ2002 ገደማ ጀምሮ ቢያንስ 60 ጋዜጠኞች መሰደዳቸውን መዝግቧል። ከነዚያ ሰዎች እያንዳንዱ አምስት ስድስት ጀማሪ ማሠልጠን ይችል ነበር። ዛሬ በብዙ ቤቶች የሃያ አምስት ዓመት ሪፖርተርን የሚያርመው የሃያ ስምንት ዓመት አርታኢ የሆነው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም።

ጊዜ ያለው አርታኢ ምን ይሠራል? አንድ ጀማሪ ከስብሰባ ተመልሶ “የከተማዋን የውሃ አቅርቦት ለማሻሻል በትኩረት እየተሠራ መሆኑ ተገለጸ” ብሎ ይጽፋል። ቸኩሎ የሚያርም ሰው ፊደሉን አስተካክሎ ያሳልፈዋል። ጥሩ አርታኢ ወንበር ስቦ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ማነው የገለጸው? አንተ የምትኖርበት ሰፈር ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በማይመጣበት ቀን ሰው ጀሪካን ይዞ የት ይሄዳል፣ ለአንድ ጀሪካን ስንት ይከፍላል? ባለፈው ዓመትስ ኃላፊው ምን ቃል ገብተው ነበር? ልጁ አብዛኛውን አያውቅም፤ ተነሥቶ ይወጣና ነገ በሌላ ዜና ይመለሳል። እንዲህ ያለ ግማሽ ሰዓት ተደጋግሞ ለአንድ ዓመት ከቆየ፣ ማስታወቂያው የሚጠይቀው ሦስት ዓመት ራሱ ትርጉም ያጣል።

የኤፍ ኤም ሬዲዮ ነገር ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። ሸገር 102.1 በ2000 አየር ላይ ሲወጣ ለከተማዋ ሬዲዮ አዲስ ጣዕም አምጥቷል፣ የመዓዛ ብሩ ቃለ መጠይቆችም በራሳቸው ትምህርት ናቸው። ሆኖም በከተማዋ ጣቢያዎች ብዙ ፕሮግራም የሚሠራው በተባባሪ አዘጋጆች ነው። ተባባሪ አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ ማስታወቂያ ያነባል፣ ከተረፈው ራሱንና ረዳቶቹን ያስተዳድራል። ለወጣት ይህ የመግቢያ በር ነው፤ ያለ ዲግሪም፣ ያለ ዘመድም የሚገባበት። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ጠዋት የባንኩን ማስታወቂያ ለማግኘት ደጅ የጠና ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ስለዚያው ባንክ ደንበኞች ቅሬታ ፕሮግራም ለመሥራት እጁ ይታሰራል። ሙያውን ሳይማር ንግዱን ይማራል።

ጥሩ የሆኑትን የሚወስዳቸው ሌላው መንገድ የሕዝብ ግንኙነት ነው። እያንዳንዱ ሚኒስቴር፣ ባንክ፣ ኤጀንሲ የኮሙኒኬሽን ክፍል አለው፤ ከዜና ክፍሉ የተሻለ ደመወዝ፣ ሰርቪስ፣ የተረጋጋ ሰዓት ያቀርባል። አምስት ዓመት የሠራ ሪፖርተር ልጅ ሲወልድ ወደዚያ ቢሻገር ማንም ሊወቅሰው አይችልም። መሻገሩ ግን የዜና ክፍሉን ሁልጊዜ የጀማሪዎች ቤት ያደርገዋል።

አዲስ አበባ ሌላ ከተማ የሌለው ሀብት አላት። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1950 ጀምሮ እዚህ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ በጥር 2004 ተመርቋል። በየየካቲቱ የኅብረቱ ጉባኤ ሲደርስ ከዓለም ዙሪያ ዘጋቢ ይጎርፋል። የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ በታክሲ የሚደርስበትን ዜና ሌሎች ውቅያኖስ ተሻግረው ይመጡበታል። በዓመት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ኅብረቱን ብቻ የሚከታተል፣ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱን አሠራር የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚችል አንድ ወጣት በየዜና ክፍሉ ቢኖር ለአገርም ለራሱም ትልቅ ዕድል ነበር። ሮይተርስ፣ ኤ ኤፍ ፒና ኤ ፒ ከአዲስ አበባ ሲዘግቡ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ለውጭ ሚዲያ መሥራት ክፍያው የተሻለ፣ አርትዖቱ የጠበቀ ነው። ቢቢሲ በመስከረም 2010 በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሥራ ሲጀምር ለብዙ ወጣቶች አዲስ በር ከፍቷል። አደጋውም መነገር አለበት። ለኤ ፒ በፍሪላንስ የሚሠራው የቪዲዮ ጋዜጠኛ አሚር አማን ኪያሮ በኅዳር 2014 ታስሮ በዋስ የተፈታው በመጋቢት ነው። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ወጣት ውሉን፣ የፕሬስ ፈቃዱን፣ ቢታሰር ማን እንደሚጠራለት አስቀድሞ መጠየቅ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው።

የውጭው ገንዘብም አስተማማኝ አለመሆኑን 2017 አሳይቷል። በጥር የአሜሪካ መንግሥት የዩኤስኤይድን እርዳታ ሲያቆም በእርሱ የሚደገፉ የሚዲያ ፕሮጀክቶች ተንገዳገዱ። በመጋቢት የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ እንዲታገዱ ሲደረግ ለአሥርት ዓመታት የተሰማው የአማርኛ ዝግጅት ጸጥ አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2016፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወስኖ ስለነበር ከውጭ በሚገባ ወረቀት የሚታተሙ ጋዜጦች ወጪያቸው ንሯል። አዲስ ስታንዳርድ በ2009 ኅትመት አቁሞ ወደ ኢንተርኔት የዞረው በፖለቲካ ምክንያት ነበር፤ አሁን ሌሎችን ወደዚያው የሚገፋቸው የወረቀት ዋጋ ነው።

የሚያበረታታ ነገርም አለ። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የመረጃ ማጣራትን ራሱን የቻለ የሥራ መደብ አድርገውታል፤ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ያለው ተመራቂ ሊያድግበት የሚችል ሥራ ነው። ለሠሩ ጋዜጠኞች ደግሞ የዳግ ሐመርሾልድ ፈንድ ከታዳጊ አገሮች ወጣት ጋዜጠኞችን መርጦ ኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታትን ጠቅላላ ጉባኤ እንዲዘግቡ ያደርጋል። የሮይተርስ ኢንስቲትዩት በኦክስፎርድ ለልምድ ባለቤቶች ዕድል ይሰጣል። ሁሉም ግን የታተሙ ሥራዎችን ይጠይቃሉ፤ የምስክር ወረቀት ክምር አይጠይቁም። ዕድሉ ተመልሶ የሚያርፈው ጥሩ ሥራ በሚሠራበት የዜና ክፍል ላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ አቅጣጫውን ይቀይር። ለአንድ የሆቴል ሥልጠና የሚወጣው የአዳራሽ፣ የምግብ፣ የትራንስፖርትና የአበል ወጪ ሁለት ጀማሪዎችን ለወራት ደመወዝ ከፍሎ በአንድ የዜና ክፍል ሊያቆይ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀናት ይገድበዋል፤ ይህ ጊዜ ጋዜጠኛ ለማፍራት አይበቃም። የሚያስፈልገው የአንድ ዓመት ልምምድ ነው፤ ደመወዝ ያለው፣ ውሉ የተጻፈ፣ አንድ ስሙ የታወቀ አርታኢ የሚጠየቅበት። አርታኢውም ለማስተማሩ ተጨማሪ ክፍያ ማግኘት አለበት፤ እስካሁን ያስተማሩት በበጎ ፈቃዳቸው ነው፣ በበጎ ፈቃድ ብቻ ደግሞ ትውልድ አይተካም።

ለጋሾች በሚቀጥለው በጀታችሁ ከሥልጠና ቀናት ቁጥር ይልቅ የልምምድ ወራትን ቁጠሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን ለጥቂት ሳምንት ሳይሆን ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር ወደ ዜና ክፍል ላኩ። የሚዲያ ባለቤቶችና ዋና አዘጋጆች ደግሞ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ከሁለቱ የሪፖርተር መደቦች አንዱን “የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት” ብላችሁ አውጡና፣ ለሚመጣው ልጅ ወይም ለምትመጣው ልጅ አርታኢ መድቡ።