ለጠፋ ዓይን ለቅሶ ደራሽ የለም

ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ጎረቤት ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። ሠልስቱም፣ አርባውም፣ ሙት ዓመቱም እንደየሃይማኖቱ ሥርዓት አለው። ሐዘንተኛው ያለቅሳል፣ ስለ ሟቹ ያወራል፣ የሚሰማውም ሰው አያጣም። ይኼ ራሱን የቻለ ትልቅ ሕክምና ነው።

ለመሆኑ ግን በስተርጅና ዓይኑ የጠፋ፣ በስኳር በሽታ እግሩ የተቆረጠ ወይም ሠላሳ ዓመት ከለመደው ሥራ በጡረታ የተሰናበተ ሰውን ማን ነው ለቅሶ የሚደርሰው? ማንም! «ተመስገን ይበሉ፣ ነፍስዎ ተርፋለች» ተብሎ ምርኩዝ ይገዛለትና ጥግ ይሰጠዋል። ዓይኑን ያጣ ሰው ግን ያጣው ብርሃን ብቻ አይደለም። ብቻውን ገበያ መሄዱን፣ ጋዜጣ ማንበቡን፣ የልጅ ልጁን መልክ ማየቱን፣ በሰው ፊት የነበረውን ቦታ ጭምር ነው ያጣው። በበኩሌ ይህ ሐዘን ሰሚ ያስፈልገዋል እላለሁ።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገራችን በተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም የግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ይህ በሽታ በቀዶ ሕክምና ስለሚድን ሰውየውን ከማጽናናት በፊት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይቀድማል። የእኔ ጥያቄ ሐኪም «ከእንግዲህ አይመለስም» ስላላቸው ሰዎች ነው።

በሥነ ልቡና ትምህርታችን ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተማቸውን ስምንት የዕድገት ደረጃዎች እንማራለን። ስምንተኛው እርጅና ነው። ሰው በዚያ ዕድሜ ኑሮውን ወደ ኋላ ተመልክቶ ወይ «ደህና ኖሬአለሁ» ብሎ ይረካል፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣል። እኛ ግን የምናስተምረው ልጆችን ነው እየተባለ፣ ስምንተኛው ላይ ስንደርስ ደወል ይደወላል! ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ፣ አረጋውያን ያለፈውን ደጋግመው ማውራታቸው የመጃጀት ምልክት ሳይሆን የኑሯቸውን ሒሳብ የሚያወራርዱበት መንገድ መሆኑን አስረድቷል። «ይኼን እኮ ትናንትም ነግረውኛል» እያልን አፋቸውን ስናስይዛቸው መድኃኒታቸውን እየነጠቅናቸው ነው ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በተወለድኩበት ከተማ ለብዙ ዓመት የእድር ጸሐፊ የነበሩ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሹም አሉ። በግላኮማ ምክንያት ዓይናቸው ሲጠፋ ኮሚቴው «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ይረፉ» ብሎ መዝገቡን ወሰደባቸው። ክፋት አስበው አልነበረም። ጋሼ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጢማቸውን መላጨትም ከቤት መውጣትም ተዉ። ቤተሰቡ ሁሉ የዓይናቸው ነገር ነው ይል ነበር። አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ «ጋሼ፣ ከሁሉ ይልቅ የቆጨዎት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «መዝገቡ» አሉ። ለብዙ ሳምንት እየተመላለሰች አዳመጠቻቸው፤ ሲያለቅሱም «አያልቅሱ» አላለችም። ከዚያ ኮሚቴውን አነጋገረች። አሁን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያነባል ይጽፋል፤ እርሳቸው በቃል እየደመሩ ያርማሉ። ዓይናቸው አልተመለሰም፤ የሚከፋቸው ቀንም አለ። ነገር ግን ከወር ስብሰባ ቀርተው አያውቁም።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ሰው ባለሙያ ከየት ይመጣል? የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ሥራውን የጀመረው በ14 አያቶች ነው። አያቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥና መፍትሔ እንዲፈልግለትም ያግዙታል። በሽታውን በአገራቸው ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፣ ሐሳብ ማብዛት፣ ይሉታል። እኛስ «ሐሳብ ገደለው» እንል የለም? 573 ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች የመንፈስ ጭንቀት ከሌሎቹ በእጅጉ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። እንግዲህ አረጋውያን ተረጂ ብቻ ሳይሆኑ ረጂም መሆናቸውን ልብ ይሏል!

አንዳንድ ጓደኞቼ «ወሬ ዳቦ አይሆንም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጡረታው፣ መድኃኒቱ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ መቅረት የለበትም። ሆኖም ተስፋ የቆረጠ ሰው የተገዛለትን ምርኩዝ አንስቶ አይወጣም። ሁለቱ አይነጣጠሉም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እንዳይናገር የተደረገስ?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መምህራኖቻችን ስምንተኛውን ደረጃ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይስጡልን። ሁለተኛ፣ ፈቃደኛ የሆንን ሠልጣኞች በሳምንት ሁለት ሰዓት በአካባቢው ወዳሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች እየሄድን እናዳምጥ፤ ምን ሥራ መቀጠል እንደሚፈልጉ እነርሱን እንጠይቅ እንጂ እኛ አንወስንላቸው። ሦስተኛ፣ ሐኪም አለመሆናችንን አንዘንጋ። እንቅልፍና ምግብ የራቀው ወይም «ሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካጋጠመን ሳንውል ሳናድር ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ የአካባቢው ሰው «አስተማሪው» ብሎ ቤቱ ይጠራናል። እዚያ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጡ አያት ይኖራሉ። ከልጆቹ ቀጥሎ እርሳቸውንም ማነጋገር የሙያችን ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እንከራከር።