ለሠርግ የሚጠራ፣ ለልጅ የማይመኙት ሙያ

«ቢሊ ኤልየት» የተሰኘው የእንግሊዝ ፊልም ለእይታ ከበቃ ሩብ ምዕት ዓመት ሞላው። ሊ ሆል ጽፎት ስቲቨን ዳልድሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ብዙ አገር ዞሮ ታይቷል፤ በ2005 ደግሞ በኤልተን ጆን ሙዚቃ ለመድረክ በቅቷል። ታሪኩ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከተማ የሚኖረው የ11 ዓመቱ የቢሊ ነው። ዘመኑ ቆፋሪዎቹ ከ1984 እስከ 1985 አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ያቆሙበት የአድማ ዘመን ነው። እናት ሞታለች፤ አባትና ታላቅ ወንድም አድማ ላይ ናቸው፤ ቤቱ ባዶ ነው። አባትየው ከሌለው ላይ ሃምሳ ፔንስ እየቆረጠ ልጁን ቦክስ እንዲማር ይልከዋል። ልጁ ግን በዚያው አዳራሽ ባሌት የሚለማመዱትን ሴቶች ልጆች አይቶ ጓንቱን ይጥላል። ፊልሙን ያዩ ብዙዎች ነገሩን «ወንድ ልጅ እንዲህ ሊጨፍር ይገባዋል?» የሚል ክርክር አድርገው ይወስዱታል። በሃንጋሪ ክርክሩ በጣም ከርሮ ነበር። የመድረኩ ሥራ ወንዶች ልጆችን ያበላሻል የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የቡዳፔስት ኦፔራ ቤት በ2018 አሥራ አምስት ትርኢቶችን ሰርዟል።

ይህንኑ ታሪክ ወደ ደባርቅና ዳባት፣ ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ ብናመጣው ግን ክርክሩ ገና ከመነሻው ይከሽፋል። እዚህ ወንድ ልጅ ለመጨፈር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በሠርግ ቤት ከሙሽራው አባት እስከ መጨረሻው ሚዜ ድረስ ትከሻውን ያልሰበቀ ሰው ኩርፊያ ያለበት ይመስላል። በጥምቀት ጎረምሳው ዱላውን ከፍ አድርጎ «እየሆ» እያለ ታቦት ያጅባል፤ በቀረርቶና በፉከራ መሐል እስክስታ የሚመታው ወንድ ደግሞ ወንድነቱን የሚያሳይ እንጂ የሚያጎድል አይደለም። እንግዲህ ፊልሙ እኛን አይመለከትም ማለት ነው? ይመለከተናል፤ የሚነካን ግን በሌላ በኩል ነው። እዚህ የሚያሳፍረው በጭፈራ እንጀራ መብላት ነው። በሠርጉ ሌሊት እስኪነጋ ሲጨፍር ያደረው አባት፣ ልጁ በማግሥቱ «ተወዛዋዥ መሆን እፈልጋለሁ» ቢለው፣ የደርሃሙ ቆፋሪ የተቆጣውን ያህል መቆጣቱ አይቀርም። የቁጣው ቃል ግን ሌላ ነው፤ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይለዋል።

ይህች ቃል የምትሸከመውን ነውር ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው፤ በዙሪያዋ እንደ ቡርቧክስ ያሉ፣ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድባቸው መንደሮች አሉ። ሙያው ሠርጉን ያሞቃል፣ ለቅሶውን ያጅባል፣ ደቦውን ያበረታል፤ በድሮ ጊዜ በዘመቻም በግብርም አብሮ ነበረ። የሙያው ባለቤቶች ግን ከቀጥቃጩ፣ ከሸማኔውና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ተደርድረው ለጋብቻ ሲታሰቡ ዘር የሚቆጠርባቸው ሆነው ኖሩ። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ እ.ኤ.አ. በ2006 በጎንደር ከተማ እየዞሩ የሚያዜሙ የአዝማሪ ልጆችን በዘጋቢ ፊልም አሳይቷል። እነዚያ ልጆች ተሰጥኦም ድፍረትም፣ ከሕፃንነት የጀመረ ልምምድም አላቸው፤ ክፍያቸው ግን ሰካራም በግንባራቸው ላይ የሚለጥፈው ብር ነው። ቢሊ ጎረቤት እንዳያየው ተደብቆ ይለማመዳል፤ የአዝማሪ ልጅ ሁሉም እያየው፣ ሁሉም እያጨበጨበለት ይናቃል። የትኛው እንደሚከፋ ለመፍረድ እቸገራለሁ።

አንድ ሰው «ገበሬው ሕዝባችን የሰውነት እንቅስቃሴን እንደ ትምህርት አያይም» ሊለኝ ይችላል። ያያል፤ ያውም በጥልቀት። ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ገጠር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የሚወጣው የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ዜማውን ካደላደለ በኋላ በአታን ከመሰለ የታወቀ የአቋቋም ቤት ገብቶ ዓመታት ይቆያል። የሚማረው መቋሚያው ወዴት እንደሚዘነብል፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚመታ፣ እግር በየትኛው ቃል ላይ እንደሚረግጥ፣ ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድና ወደ ጽፋት፣ ከዚያም ወደ ወረብ እንዴት እንደሚታለፍ ነው። መምህሩ አንዲት ስሕተት አያሳልፍም። ሊቃውንቱ ይህንን ከዘፈን ጋር ቢያነጻጽሩት አይወዱም፤ ልክም ናቸው፤ አገልግሎቱ ጸሎት ነው። እኔ የምለው ስለ ሥልጠናው ነው። ሰውነትን ከዜማ ጋር የማስማማት ረጅም፣ አድካሚና በማዕረግ የተደራጀ ትምህርት በዚህ አካባቢ ለዘመናት ኖሯል። ለንደን የሚገኘው የሮያል ባሌት ትምህርት ቤት ልጆችን ከ11 ዓመታቸው ጀምሮ ተቀብሎ እንደሚያሠለጥነው ሁሉ፣ የአቋቋም ቤትም ልጅን ተቀብሎ መሪጌታ አድርጎ ይመልሰዋል። ከመንደሩም «ልጅህ በመወዛወዝ ዕድሜውን ጨረሰ» ብሎ አባቱን የሚያማ የለም።

«ክብሩ የመጣው ከሃይማኖቱ ነው እንጂ ከትምህርት ቤቱ አይደለም» የሚል መልስ ይኖራል። በአብዛኛው እውነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሩጫ ነው። በሩጫ ውስጥ ቅድስና የለም፤ ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል በፊትም «ልጄ ሯጭ ይሁንልኝ» ብሎ የተሳለ ገበሬ የነበረ አይመስለኝም። ዛሬ ግን አባት በግ ሸጦ ለልጁ የመሮጫ ጫማ ይገዛል። የአባትን ልብ የለወጠው ሜዳሊያው ብቻ አይደለም፤ ከሰፈር ሜዳ እስከ ሜዳሊያው ድረስ የሚያስኬድ መወጣጫ ስለተሠራ ነው፤ የትምህርት ቤት ውድድር፣ የወረዳ ምርጫ፣ የሥልጠና ፕሮጀክት፣ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ። በአርሲዋ በቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከእርሱ እጅ ወጥተዋል። በቆጂ ከሌሎች ደጋ ከተሞች የምትለየው በአየሯ ቢሆን ኖሮ ደባርቅም ከፍታ አላት፤ በቆጂ የነበረው ልዩ ነገር ልጆቹ ባሉበት ቦታ የተገኘ፣ የሚያይ ዓይን ያለው መምህር ነው።

ፊልሙንም በዚህ ዓይን መልሰን ብናየው ሌላ ነገር ይገለጥልናል። ለቢሊ በር የከፈተችው ሚስስ ዊልኪንሰን ስመ ጥር ባለሙያ አይደለችም። ሲጋራ የማትለያት፣ የተሰላቸች የሠፈር አስተማሪ ናት፤ ልጆቹንም የምታስተምረው በሃምሳ ፔንስ ነው። ግን እዚያው ሠፈር አለች። አዳራሹ የሕዝብ ነው፤ የባሌት ክፍሉ ለአድመኞቹ የሾርባ ማዕድ ቤት በመሆኑ ነው ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙት። ለንደን ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ የቆፋሪን ልጅ ፈትኖ የሚቀበልበት ሥርዓት አለው። አባትየው ልጁን ወደዚያ ለመላክ ሲል አድማ ሰባሪ ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲሄድ ታላቁ ልጅ ያስቆመዋል፤ በኋላ የሟች ሚስቱን ጌጥ ይሸጣል፤ ጓደኞቹም ከሌላቸው ላይ ያዋጣሉ። ተመልካች የሚያለቅሰው በአባትየው መለወጥ ነው፤ እኔም ትዕይንቱን አላጣጥለውም። ነገር ግን የአባት ልብ በተለወጠ ጊዜ ልጁን የሚልክበት ቦታ ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሁሉ ዕንባ ልጁን የትም አያደርሰውም ነበር።

የእኛም አገር ተሞክሮ ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም ከመቶ የሚበልጡ የአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ይዞ «ካርሚና ቡራና»ን ለመድረክ አበቃ። ከዚያ ሥራ «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። በመንታ ልጆች ችግር ላይ ይሠራ በነበረው የጀሚኒ ድርጅት ጥላ ሥር ወጣቶቹ ለዓመታት ሠለጠኑ፤ አካል ጉዳተኞችም የሚጨፍሩበት ክፍል ነበረው። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር እንዲሠለጥን ተመረጠ፤ በ2009 ደግሞ ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቆመ። ማልዱም ራሱ ኋላ በርሊን ሄዶ፣ 250 የሚሆኑ ተማሪዎችን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ያስጨፈረበት ሥራ ታዋቂ ዘጋቢ ፊልም ሆኗል። በሌላ በኩል መላኩ በላይን እንውሰድ፤ በካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ እስክስታ እየመታ ኖሮ፣ ቤቱን ራሱ ተረክቦ ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከል አደረገው። መላኩ የብርቱ ሰው ምሳሌ ነው። ነገር ግን ብርቱ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ መከራ ካላየ አይሳካለትም ማለት ከሆነ፣ ያ ሥርዓት ሳይሆን ሎተሪ ነው። ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2024 በካዛንቺስ መልሶ ማልማት ፈርሷል።

ሰሜኑ ራሱ እንዲህ ያለ መወጣጫ በአንድ ወቅት ነበረው። በ1970ዎቹ ቀበሌውና ክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ያቋቁም ነበር። የጎንደር ፋሲለደስ፣ የወሎ ላሊበላ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ ኪነቶች ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ማሪቱ ለገሰ ከላሊበላ ኪነት የወጣች ናት። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ የባህል ቡድን በረሃቡ ዘመን ለረዳው ዓለም ምስጋና ሊያቀርብ አውሮፓንና አሜሪካን ሲዞር፣ የገጠር ውዝዋዜ በታላላቅ አዳራሾች ታየ። ተቃውሞው ግልጽ ነው፤ ኪነት የደርግ የቅስቀሳ መሣሪያ ነበር፤ ወጣቱ የሚዘፍነው የታዘዘውን፣ የሚያወድሰውም የተነገረውን ነበር። ይህን መካድ አይቻልም፤ የዛሬውም የባህል ቡድን ለስብሰባ መክፈቻና ለእንግዳ አቀባበል ብቻ ከተጠራ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ቢሆንም ኪነት ሳያስበው ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ የገበሬ ልጅ ከአዝማሪ ልጅ ጎን ቆሞ፣ አንድ ልብስ ለብሶ፣ ቀን ቆጥሮ ተለማመደ። ቅስቀሳው ሲፈርስ ልምምዱ አብሮ መፍረስ አልነበረበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የእንጀራውና የሰላሙ ነው። ዳባትና ደባርቅ የጦርነትን ዳፋ ቀምሰዋል፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ ወንበር ለሌለው ክፍል ስለ ውዝዋዜ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። የቅድሚያውን ነገር አልከራከርም፤ በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ይከፈት። ሲከፈት ግን ምን ይዞ ይከፈት? የእስክስታው አገር ልጅ ከሂሳቡና ከሳይንሱ ጎን የሚያውቀውን ነገር በክፍል ውስጥ እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ ቢያገኘው፣ ወደ ክፍሉ የሚመለስበት አንድ ምክንያት ይጨምርለታል። በዚህ ላይ ፊልሙን የምተችበት ነገር አለኝ። ቢሊ ይሄዳል፤ በመጨረሻው ትዕይንት አድጎ በማቲው ቦርን «ስዋን ሌክ» ሊጨፍር ሲዘል አባቱ ከተመልካች መካከል ያያል። ከተማው ግን የለም። ፊልሙ የተቀረጸበት የኢዚንግተን የከሰል ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1993 ተዘግቷል። አንድ ልጅ ማዳንና ሠፈሩን መርሳት ለተረት ይበቃል፤ ለወረዳ ዕቅድ አይበቃም። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ጎብኚ ሲመለስ በየሆቴሉ ማታ ማታ ማሲንቆና እስክስታ ይፈለጋል። ያ ሥራ በሽልማት ብር ሳይሆን በውልና በደመወዝ ቢሆን፣ ልጁ የግድ ወደ አዲስ አበባ መሰደድ የለበትም።

በወረቀት ላይ በሩ ተከፍቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚል ትምህርት ለአንደኛ ደረጃና ለመካከለኛ ደረጃ አስገብቷል። መጽሐፉ ግን ብቻውን እስክስታ አያስተምርም፤ ክፍለ ጊዜው ለጎደለው መምህር መሙያ ከሆነ ደግሞ ባይኖር ይሻላል። ማን ያስተምር? መልሱ ቅርብ ነው፤ አዝማሪው አለ። ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ማሲንቆ የያዘ፣ የአንዱን ወረዳ አጨፋፈር ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ ሰው በጎንደር ዙሪያ አይጠፋም። የሚያግደው ዲፕሎማ የሌለው መሆኑ ነው፤ የመንግሥት ቅጥር መስፈርት እንዲህ ያለውን ሰው መዝገብ ላይ የሚያሰፍርበት ሣጥን የለውም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በአጭር ሥልጠና የምስክር ወረቀት ሊሰጠው፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በክፍለ ጊዜ ሊከፍለው፣ ልጆቹም «መምህር» ብለው ሊጠሩት ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ወላጆች ቅሬታ ይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መምጣታቸው አይቀርም፤ ርዕሰ መምህሩም በዚያን ቀን ከአዝማሪው ጎን መቆም ይኖርበታል።