ምርጫ የሌለበት «ኢሌክቲቭ»

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ኮሪደር ላይ ሁላችንም የምናወራው፣ ስብሰባ ላይ ግን ደፍሮ የሚያነሳው የጠፋ ነው። የኢሌክቲቭ ኮርስ ነገር!

ሥርዓተ ትምህርታችን ላይ ነምበር ቲዎሪ፣ ግራፍ ቲዎሪ፣ ቶፖሎጂ እየተባለ ዝርዝሩ ሲነበብ ያስጎመጃል። ሴሚስተሩ ሲገባ ግን «የሚያስተምረው ሰው የተገኘው ለዚህኛው ብቻ ነው» ይባልና ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ እንታጨቃለን። ታዲያ ይሄ ምን ምርጫ ይባላል? መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም፤ የሰው እጥረት እንዳለ እናውቃለን። እኔ የምለው፣ ሌክቸር የሚሰጥ ሰው ስለጠፋ ብቻ ኮርሱ መቅረት የለበትም ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነው። ከአራተኛ ዓመት ኢሌክቲቮች አንዱ በራስ ንባብ የሚወሰድ ይሁን። ተማሪው መምህሩ ያጸደቀለትን አንድ መጽሐፍ ይይዛል። በየሁለት ሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ያነበበውን ቲዎረም ወረቀት ሳያይ ሰሌዳ ላይ ፕሩፍ ያደርጋል፤ «ይህች ሁኔታ ብትነሳ ምን ይፈጠራል?» ተብሎ ይጠየቃል። መጨረሻ ላይ ሁለት መምህራን በቃል ይፈትኑታል። በቃ።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በእኛው በይፋትም ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሼሁ ፊት ይቀመጣል፤ አንዱን ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሻገራል። ድካሙ የተማሪው፣ እርማቱ የመምህሩ ነው።

በራስ መማር ማለት ብቻን መቅረት አለመሆኑን የሕንዱ ራማኑጃን ታሪክ ያሳየናል። በወጣትነቱ ካር የተባለ እንግሊዛዊ ያዘጋጀውንና በሺዎች የሚቆጠሩ ውጤቶች የታጨቁበትን መጽሐፍ ይዞ ራሱን አስተማረ። መጽሐፉ ግን ፕሩፍ እምብዛም አልነበረውም፤ የራማኑጃንም አሠራር ያንኑ መሰለ። በ1913 እ.ኤ.አ. ለካምብሪጁ ሃርዲ ደብዳቤ ጽፎ በኋላም አብረው ሲሠሩ ነው «ይህንን በምን አረጋገጥከው?» የሚለው ሰው ያገኘው። እንደ እሱ ያለ ጭንቅላት እንኳ ጠያቂ ካስፈለገው እኛማ!

«ተማሪው ይኮርጃል» የሚል አይጠፋም። እውነቱን እንነጋገር፤ የሚኮረጀው እኮ አሳይመንትና ፕሮጀክት ነው። ሰሌዳ ፊት ለብቻው ቆሞ የሚጠየቅ ሰው ከማን ይኮርጃል?

«ኢንተርኔት ላይ ሁሉ ነገር አለ» የሚሉም አሉ። አለ፤ ኤም.አይ.ቲ. ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮርሶቹን በነጻ ለቋል፤ የጊልበርት ስትራንግን የሊኒየር አልጀብራ ሌክቸር የተመለከተ ጥቅሙን ያውቀዋል። ነገር ግን በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ትምህርቱን በስልኩ ላይ ብቻ የተማመነ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ኤሊስና ጉሊክን ወይም ባርትልን አንብቦ መረዳት የሚችል ግን ገጹን ከመግለጥ ያገደው የለም። ቪዲዮው ይረዳል፣ ንባብን ግን አይተካም።

የመውጫ ፈተናውስ? ከ2015 ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ ሁሉም አሮጌ ጥያቄ ማሳደድ ይዟል። ፈተናው ግን ከዓመታት በፊት የተማርነውን ሁሉ ይጠይቃል፤ ያንን ሁሉ ድጋሚ ሌክቸር የሚሰጠን የለም። የረሳውን ኮርስ በራሱ አንብቦ መመለስ የሚችል ነው የሚያልፈው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። እኔ የማጀቴ ልጅ ነኝ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን እንደ ማጀቴ ባሉ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራን እንሆናለን። እዚያ ሃንድአውት የሚያድል የለም፤ አንድ ጥያቄ ሲከብድ የሚማከሩት ሰውም ላይገኝ ይችላል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መምህሩን ብቻ መኮነን አይገባም። ሆኖም በማሾ ለቀማ ሰሞን ከክፍል የቀረ ልጅ ሲመለስ «መጽሐፉን እንዲህ አድርገህ አንብበው» ብሎ የሚያሳየው መምህር ያስፈልገዋል። ራሱ አንብቦ የማያውቅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ዲፓርትመንታችንን የምጠይቀው በጀት አይደለም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ፈቃደኛ የሆኑ አምስት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ይሞክሩት። ካልሠራ ይቅር፤ ከሠራ ግን ያ ረጅም የኢሌክቲቭ ዝርዝር እውነት ይሆናል። ሐሳቤን የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይሞግተኝ፤ ደስ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን!