ርእሰ አንቀጽ፦ ከልጆቹ የተማርነው



ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከገቡት ልጆች ብዙዎቹ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራሉ። ንባብ ልናስጠና በበጎ ፈቃድ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ «ፊደል አልለየችም፣ ደካማ ናት» የተባለች ልጅ ኦሮምኛውን በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ሆሄ፣ ስታንበለብለው አየን። ማንበቡንማ ታውቃለች፤ የቀራት ፊደሉ ነው።

ይህችው ልጅ «አለ» የሚለውን ቃል በጣቷ ይዛ፣ «ተናገረ ነው ወይስ ይኖራል? በምን ይታወቃል?» አለችን። በቁቤ ድምፁ ሲጠብቅ ሆሄው ይደገማል። በእኛ ፊደል ግን መጥበቅና መላላቱ አይታይም፤ የበዓሉ «ገና» እና «ገና አልመጣም» የምንለው አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። አዋቂ ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፈዋል፤ ለልጅ ግን ሊነገረው ይገባል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉትን ቃላት አጥብቀንም አላልተንም ጮክ ብለን እናነባለን። አማርኛ ብቻ ለሚናገሩት የሠፈር ልጆችም በጀ።

ኦሮምኛውን ግን በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። «እዚህ አትናገሩት» የሚላቸው አልታጣም። ይህ ነገር ይቅር እንላለን! ያፈናቀላቸው ቋንቋው አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ኦሮምኛውም ያኔ በፊደል ይጻፍ ነበር።

ያን ጊዜ የዘመታችሁ፣ ኦሮምኛም የምትችሉ፣ ቅዳሜ ጧት ብቅ በሉልን። ጠመኔም እያለቀብን ነው።