ገበሬ ማን ነው?

«ገበሬ» የሚለው ቃል ሲነሣ በአብዛኛው አድማጭ ኅሊና ውስጥ የሚቀረጸው ሥዕል አንድ ነው፤ ጅራፉን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ዕርፉን ጨብጦ፣ ጥንድ በሬዎቹን እየነዳ ትልም የሚያወጣ ወንድ። ሠዓሊው በሸራው፣ ገጣሚው በስንኙ፣ ፀሐፌ ተውኔቱ በመድረኩ፣ መምህሩም በጥቁር ሰሌዳው ላይ ደጋግመው የሣሉት ይህንኑ ነው። ከሥዕሉ ጥግ፣ ምሳ በአገልግል ይዛ የምትመጣ ሴት አልፎ አልፎ ትታይ ይሆናል። እርሷ ግን «የገበሬ ሚስት» ናት እንጂ ገበሬ አይደለችም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህች አንዲት ቃል ጋር ነው። የሴቶች እኩልነት በሕግ ታውጆ ሳለ በኑሮ የሚፈስበት አንዱ ስውር ቀዳዳ በዚህች ቃል ውስጥ ይገኛልና።

እስቲ የአንድ የደጋ ጤፍ ማሳ የዓመት ሥራ በቅደም ተከተል ይታይ። ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል፤ ይህ በወንዱ እጅ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውስ? ዘሩን መርጣ፣ ከነቀዝና ከእርጥበት ጠብቃ ለከርሞ የምታቆየው ማን ናት? ጓሉን ከሚከሰክሱት፣ ወገባቸውን አጉብጠው አረሙን ከሚነቅሉት፣ አውድማውን በእበት ከሚለቀልቁት፣ እህሉን በሰፌድ ከሚያበጥሩት መካከል የሴት እጅ የሌለበት የትኛው ነው? ምርቱ የሚከተትበትን ጎታ ጭቃ አቡክታ የምትሠራውስ? እህሉ ከጎታ በወጣ ጊዜ ደግሞ ሌላው ሥራ ይቀጥላል፤ መንፋት፣ መፍጨት፣ ማቡካት፣ መጋገር፤ በዚያም ላይ ውሃና ማገዶ። ጤፍ በማሳው ላይ ሳለ ሣር ነው፤ እንጀራ የሚሆነው በዚህ ሁሉ ድካም ካለፈ በኋላ ነው። ሆኖም ከዚህ ረጅም ሰንሰለት አንዲት ቀለበት ብቻዋን ተመዝዛ «ግብርና» ስትባል፣ የቀረው ሁሉ «የቤት ሥራ»፣ «የሴት ሙያ»፣ ይባስ ብሎም «ባሏን መርዳት» ተባለ።

«ክፍፍሉ የተፈጥሮ ነው፤ እርሻ ጉልበት ይፈልጋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። እርሻ ጉልበት እንደሚፈልግ የሚክድ የለም። ነገር ግን ሞፈርና ቀንበሩን የሚጎትቱት በሬዎች ናቸው። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ክብደቱ ሃያ ኪሎ ነው፤ ከምንጭ እስከ ደጃፍ ዳገቱን የሚያወጣው ግን በሬ ሳይሆን የሴት ጀርባ ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል የብዙ ሕዝብ ምግብ የሆነው ቆጮ የሚገኘው እንሰት ተፍቆ ነው። ያ ከባድ ሥራ በአብዛኛው ለሴቶች የተተወ ነው፤ «ጉልበት ስለሚፈልግ ለወንድ ይሁን» ያለ ግን አልተሰማም። እንግዲያውስ በወንድና በሴት ሥራ መካከል ድንበሩን ያሰመረው ጡንቻ ሳይሆን ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ሰው የሠራው ስለሆነ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወደ ሕጉ መለስ ብሎ ይመልከት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በአንቀጽ 646 ደግሞ ባል አሽከር ሊያቆምላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። በዚህ ሕግ ዓይን የቤት ሥራ ዋጋ ያለው ሥራ ሳይሆን አሽከር ባልተገኘ ጊዜ ሚስት የምትሞላው ጉድለት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ታላቅ ለውጥ እንኳ ከዚህች ቃል ወጥመድ ፈጽሞ አላመለጠም። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር በተማሪዎች አንደበት ተስተጋብቶ፣ የጭሰኛውን ቀንበር የሰበረው የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ መሬት የሚሰጠው በግል ጉልበቱ ለማረስ ለሚፈቅድ ማንኛውም ሰው፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ እንደሆነ ተጽፎ ነበር። የአዋጁ ቃል ቀና ነበር። ነገር ግን «አራሹ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በየቀበሌው ሲነሣ መልሱን የሰጠው አሮጌው ሥዕል ነበር። የገበሬ ማኅበራቱ መዝገብ የቤተሰብ ኃላፊዎችን ስም ያዘ፤ የቤተሰብ ኃላፊ ተብሎ የተቈጠረውም በአመዛኙ ወንድ ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም ብቻዋን የምትኖር ሴት በስሟ ስትመዘገብ፣ ባለ ትዳሯ ከመሬቱ ጋር የምትገናኘው በባሏ ስም በኩል ብቻ ሆነ። ጭሰኝነት ተሻረ፤ በጭሰኛው ጎጆ ውስጥ የነበረው ጭሰኝነት ግን ስም ስላልወጣለት ሳይሻር አደረ።

ይህ በነበረበት አልቀረም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ቁጥጥር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አስቀርቶ ተጋቢዎቹን በቤተሰቡ አመራር እኩል አደረገ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል መሰጠት በጀመረው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፈረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያች ምሳ አመላላሽ ተብላ በሥዕሉ ጥግ የቆመች ሴት ወደ መካከል መጥታለች።

ነገር ግን ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ሽማግሎች ዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡ ጊዜ የሚነሣውን ጥያቄ ማንም ያውቀዋል፤ «እርሷ በማሳው ላይ ምን ሠርታ?» ይባላል። ደብተሩ ስሟን ይናገራል፤ ልማዱ ሥራዋን ይክዳል። ሴቲቱም ራሷ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ታጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ ሥራ ተብሎ ሲጠራ ሰምታ አታውቅምና። መብቷን ለማስከበር የቆመ ሰው በእጁ አንቀጽ ይዞ፣ በአፉ ቃል አጥቶ ይቆማል። ያንን ቃል ማቅረብ የማን ሥራ ነበር? የከያኒው አልነበረምን?

በዚህ ረገድ የኪነ ጥበቡ ቤት ራሱን ይፈትሽ። በአገራችን የዘመናዊ ቲያትር መባቻ የሴት ገጸ ባሕርያትን ሴት መስለው ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ነበሩ። አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ቀደምት ተዋንያት ንቀቱንና ሐሜቱን ተቋቁመው መድረኩን ለሴቶች ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በሴቲቱ ቀሚስ ውስጥ ያለው ሰው ተለወጠ፤ በአፏ የሚገባው ቃልስ ስንቱ ተለወጠ? ዛሬም በየተውኔቱ የምትመጣው ወይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምታለቅስ እናት፣ ወይ ወንድ የምታስት ቆንጆ፣ ወይ ነገር የምታቀጣጥል አማት ናት። ባልየው «ምሳ አልደረሰም?» ብሎ ሲገባ ተውኔቱ ይጀመራል። ምሳው እስኪደርስ ያለፈው ግማሽ ቀን ግን በየትኛውም ገቢር ውስጥ የለም። ብርቱ ሴት ስትቀርብም የሚሰጣት ታላቅ ሙገሳ «ወንድ ናት!» የሚል ነው፤ ሴትን ለማመስገን ሴትነቷን መግፈፍ ግድ የሆነ ይመስል።

«ኪነ ጥበብ የመፈክር መስቀያ አይደለም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። እውነት ነው፤ አይደለም። በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ድንገት ተነሥታ ስለ እኩልነት ዲስኩር የምታሰማ ሴትም እንደ አልቃሿ እናት ሁሉ ሐሰት ናት። የሚጠየቀው መፈክር ሳይሆን እውነት ነው። ወፍጮው በመድረክ ላይ ይሰማ፤ ጀሪካኑ ይመዘን፤ ሁለቱ ሽማግሎች «ምን ሠርታ?» ሲሉ ሴቲቱ የዓመቱን ሥራ ከዘር መረጣ እስከ እንጀራ አንድ በአንድ ትቍጠርላቸው። ከዚህ የበለጠ ግጭት፣ ከዚህ የበለጠ ድራማ ከወዴት ይመጣል?

«ይህንን የምትጽፍ ሴት የለችም» ማለትም ማመካኛ ነው። ስንዱ ገብሩ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተውኔት ሲጽፉና ሲያዘጋጁ፣ በኋላም በ1950 ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ወደ ምክር ቤት ሲገቡ፣ መንገዱ ያን ጊዜ ተጀምሯል። የጎደለው ብዕሯ ሳይሆን የምትጽፍበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ በወፍጮው፣ በምጣዱና በምንጩ ተበልቷል።

ጥያቄው በከያኒው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ስለ ሴቶች ተሳትፎ ስብሰባ የሚመራው ካድሬ፣ ቡናው እንዲፈላ በምልክት ሲያዝ የምትወጣው ማን እንደሆነች ዞር ብሎ ይይ። መምህሩም ዘግይታ የገባችውን ተማሪ ከመገሠጹ በፊት፣ ወንድሟ በእግሩ ብቻ ሲመጣ እርሷ ውሃ አድርሳ እንደመጣች ይጠይቅ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። ተረቱን የፈጠረው ሰው ሴት እንደምታውቅስ አልካደም፤ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ቀማት። ሠዓሊው እንግዲህ ያንን የታወቀ ሥዕል ለመሣል ቡሩሹን ሲያነሣ፣ በጥግ ላይ የቆመችው ሴት የያዘችው አገልግል ከየት እንደመጣ፣ በስንት እጅ ሥራ እንደሞላ ያስብ። ያን ጊዜ ሸራው ለአንድ ሰው የማይበቃ፣ ሁለት ገበሬዎች የሚቆሙበት ይሆናል።