ለሆድ ሕመም የሚዋጠው ኪኒን ሌላ ሕመም እንዳያመጣ

ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ በሚችልባት ጅቡቲ፣ በነፃ የንግድ ቀጠናው ጭነት የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ተቅማጥ ቢይዘው ሐኪም ቤት ሲሄድ ተራው ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛውን ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ከሌላ ሕመም የተረፈውን አሞክሳሲሊን መዋጥ ቀላል መፍትሔ ይመስለዋል። አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የሾፌሮች ብቻ ሳይሆን በኢትዮጵያ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። አንቲባዮቲክ የሚሰጥ ባለሙያ ሁሉ መድኃኒቱ ራሱ የአንጀት ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል ለታካሚው የመንገር ግዴታ ሊኖርበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። በአንጀታችን የሚኖሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጎጂዎቹ እንዳይስፋፉ ያግዳሉ። አንቲባዮቲክ ግን ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። ጠቃሚዎቹ ሲመናመኑ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ መርዙም የትልቁን አንጀት ግድግዳ ያቆስላል። ባክቴሪያው እ.ኤ.አ. በ1935 ቢታወቅም፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ለሚከሰተው የአንጀት ቁስለት መንስኤ መሆኑ የተረጋገጠው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ክሊንዳማይሲን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሁሉ በላይ ቢጠቀሱም፣ ማንኛውም አንቲባዮቲክ ሊያስከትለው ይችላል። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ውኃማ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት መድኃኒቱ እየተወሰደ ወይም ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ትልቁ አደጋ ታማሚው ይህን እንደ አዲስ ሕመም ቆጥሮ ሌላ አንቲባዮቲክ ሲጨምርበት ነው።

«ይህ የሀብታም አገሮች በሽታ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደታመመና 29 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ነገር ግን እነሱ የሚያውቁት ስለሚመረምሩ ነው፤ ምርመራው በማይደረግበት አገር የበሽታው ስም በመዝገብ አለመኖሩ በሽታው ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። እንግሊዝ ደግሞ መፍትሔውን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተለይ እነሲፕሮፍሎክሳሲን በቁጥብነት እንዲታዘዙ ስታደርግ የሕመምተኛው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያ በራቀበት መንገድ መድኃኒቱን ብንከለክል ሰው አይጎዳም ወይ? አንቲባዮቲክ ሕይወት ያድናል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ከባድ ኮሌራ በሐኪም ትእዛዝ ይፈልጉታል። አብዛኛው ድንገተኛ ውኃማ ተቅማጥ ግን አያስፈልገውም። ሰውን የሚገድለው የፈሳሽ እጥረት ነው፤ ለዚህም ኦአርኤስ የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ርካሽ ነው፣ በመኪናው መሳቢያም ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የምጠይቀው ሰው ያለ ሕክምና ይቅር ሳይሆን ትክክለኛው መድኃኒት በእጁ ይኑር ነው። አንቲባዮቲክ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሸጥ የኢትዮጵያ ደንብ ያዛል፤ የጎደለው ተፈጻሚነቱና ለሕዝቡ የሚደርሰው ምክር ነው።

ስለዚህ ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ሲሰጥ «ተቅማጥ ከጀመረህ ሌላ ኪኒን አትጨምር፤ ወደ ሐኪም ሂድ» ይበል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ይቆጣጠር፤ የትራንስፖርት ማኅበራትም ለሾፌሮቻቸው ኦአርኤስ ያስይዙ። ታማሚውም በቅርቡ የወሰደውን አንቲባዮቲክ ለሐኪሙ ይናገር፤ ተቅማጥ ማስቆሚያ ኪኒንም በራሱ ፈቃድ አይውሰድ። የክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲልን ዘር መሰል ስፖር አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ስለማይገድለው፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ግድ ነው።